ዋስ የሆንኩለት ፊልም

በእኛ በላስታ «ሰምቻለሁ» እና «አይቻለሁ» አንድ አይደሉም። ሰምቻለሁ ያለ ሰው ቢሳሳት ያወራለት ነው የሚጠየቀው። አይቻለሁ ያለ ግን ራሱ ይጠየቃል። እኔ ዕድሜዬን ሁሉ በ«አይቻለሁ» የኖርኩ ሰው ነኝ። ድንበር ሲገፋ፣ በሬ ሲሸጥ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ይጠሩኛል። የማላውቀውን አላውቅም እላለሁ፤ ያየሁትን አየሁ እላለሁ፤ ለዘመድም ለባዳም አላዳላም። በዚህ ጠባዬ የሚወዱኝ ጥቂት ናቸው፤ የሚያምኑኝ ግን ብዙ ነበሩ። ይህን የምጽፈው ያ እምነት እንዴት እንደተነካ በሰው አፍ ተጣሞ ስለሚወራ ነው። ጽሕፈቴ ጥሩ አይደለም። ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊቱን ሳልጨርስ ነው ወደ እርሻ የወጣሁት፤ ፊደሉን በጉልበቴ ነው ያልረሳሁት። የተጣመመውን አንባቢ ያቅናው።

ነገሩ ከወንድሜ ልጅ ይጀምራል። ወንድሜ ሲሞት ልጁ ገና የወተት ጥርሱን አልጣለም ነበርና እኔ ቤት አደገ። ከልጆቼ ለይቼው አላውቅም። ቋንቋ ይቀናዋል፤ አድጎ አስጎብኚ ሆነ። ላሊበላ የመጣውን ፈረንጅ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤተ ክርስቲያን እያዞረ፣ ቄሶቹ የሚሉትን ለእንግዳው፣ እንግዳው የሚለውን ለቄሶቹ ሲነግር ኖረ። ኋላ ያ ክፉ ጊዜ መጣና እንግዳው ጠፋ። ልጁ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ማየት ከበደኝ። በመንገድ ዳር ጭድ የማስቀምጥባት ቆርቆሮ ቤት ነበረችኝ። ጭዱን አውጥቼ ሰጠሁት። አግዳሚ ወንበሮቹን በራሴ እጅ መታሁለት። ፊልም ቤት አደረጋት።

መጀመሪያ ኳስ ነበር የሚያሳይ፤ ጎረምሳው ሁሉ ይመጣል፣ ማንም ምንም አላለም። ከጥምቀት በኋላ ግን ለተማሪዎች ፊልም ላሳይ አለ። ይህ ወሬ የማርያም ጽዋ ማኅበራችን ላይ ደረሰ። ማኅበርተኛው ሁሉ የደረሰ ልጅ አለው። የዚያን ዕለት ተረኛው እኔ ነበርኩ፤ የወንድሜ ልጅ እኔን ወክሎ ጠላ ይቀዳል።

«በር ዘግተህ በጨለማ ምንድነው የምታሳያቸው?» አለችው ጎረቤቴ። ሦስት ሴት ልጆች አሏት፤ ምላሷ ከምላጭ ይሰላል።

«ፊልም ነዋ።»

«ፊልም መሆኑንማ አወቅሁ። ሰይጣንም ፊልም አለው።»

ሰው ሳቀ። የወንድሜ ልጅም ሳቀና «የሚያስቅ ፊልም ነው እትዬ። የሰላይ ታሪክ ነው፤ ግን ስለላ የማይችል ሰላይ» አላት።

«ሰላይ ምኑ ያስቃል?» አልኩ እኔ።

ከልቤ ነበር የጠየቅሁት። እኔ የማውቀው ሰላይ በደርግ ጊዜ ሰፈራችን የነበረው ጆሮ ጠቢ ነው። ጠላ ቤት ጥግ ተቀምጦ አንዲት ዋንጫ ይዞ ይውላል፤ አያጎድላትም። እሱ ሲገባ ቤቱ ሙሉ ሰው ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል። በበጋ እንኳ ስለ ዝናብ እናወራ ነበር። በእሱ የተነሣ የታሰረ ሰው አውቃለሁ። እንዲያ ያለውን ነገር ልጆች እንዲስቁበት ማድረግ አልገባኝም።

የንስሐ አባታችን ዋንጫቸውን አስቀመጡና «እንግዲያው አንድ ሰው ቀድሞ ይየውና ይንገረን» አሉ። የሁሉም ዓይን ወደ እኔ ዞረ።

«አያ ካዩት እኔም አየሁት» አለች ጎረቤቴ። «እሳቸው ለወንድማቸው ልጅ ብለው አይዋሹም።»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ፊልም ቤት ገባሁ። ልጁ በሩን ዘጋ፣ መስኮቱ ላይ ጆንያ ሰቀለ። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል። ፊልሙን ጋሸና ላይ ምሳ ሲበላ ካገኘው የጭነት መኪና ሾፌር በፍላሽ እንደቀዳው ነገረኝ። እኔ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱ ላፕቶፑን ይዞ ከጎኔ፤ ከላፕቶፑ ጋር የተገጠመው መሣሪያ ሥዕሉን በብርሃን አንሶላው ላይ ይጥላል። ንግግሩ እንግሊዝኛ ስለሆነ በጆሮዬ ይተረጉምልኝ ጀመር።

ሰላዩ ረጅም፣ አንገተ ቀጭን ሰው ነው። ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ጥቁር መነጽር አድርጎ ይመጣል፤ በመነጽሩ ምክንያት በሩን ትቶ ግድግዳውን ይገፋል። አለቃው ከአንድ ክፉ ሀብታም ቤት ቁልፍ ሰርቀህ አምጣ ብሎ ይልከዋል። ወጥ ሠሪ መስሎ ይገባል። መገናኛ ሬዲዮኑን ዳቦ ውስጥ ደብቆት ኖሮ የሀብታሙ ውሻ ዳቦውን ከነሬዲዮኑ ዋጠው። ከዚያ ወዲያ የአለቃው ትእዛዝ የሚወጣው ከውሻው ሆድ ነው። ሰላዩ ውሻው ፊት ተንበርክኮ «እሺ ጌታዬ» ይላል። ውሻው ሲሄድ ይከተለዋል፤ ውሻው ሲተኛ ትእዛዝ እንዳያመልጠው አጠገቡ ይተኛል። ሀብታሙ ይህን አይቶ «እንዴት ያለ ርኅሩኅ ወጥ ሠሪ አገኘሁ» ይላል።

ጎኔን እስኪወጋኝ ሳቅሁ። ያ የጠላ ቤቱ ጆሮ ጠቢ ውሻ ፊት ሲንበረከክ ታየኝ። ስንት ዓመት የፈራሁት ነገር እንዲህ ተዋርዶ ሳየው ደረቴ ቀለለኝ። ሰላይ እንደሚያስቅ የዚያን ቀን ነው የገባኝ። ልጆች ይህን ቢያዩ ምን ይጎዳቸዋል፣ እንዲያውም ይጠቅማቸዋል አልኩ። ሰውን የሚያስፈራ ሁሉ ከውስጡ ባዶ ሊሆን እንደሚችል ቢያውቁ መልካም ነው።

መካከል ላይ አንዲት ሴት መጣች። እሷም የሌላ ወገን ሰላይ ናት። ከሰውዬው ጋር ገበታ ቀርበው ማንኪያ እያንኳኩ፣ እየተያዩ ብዙ ያወራሉ።

«ምን ይባባላሉ?» አልኩት።

«ሽሮው ጨው በዝቶበታል አለችው።»

«ፈረንጅ ሽሮ ይበላል እንዴ?»

«ሽሮ መሰል ነገር ነው አያ፤ እንዲገባዎ ብዬ ነው።»

«እሱስ ምን አላት?»

«እናቴ ጨው ታበዛ ነበር፤ የእሷን ሙያ ወርሼ ነው አላት።»

«ለዚህ ነው እንዲህ የሚሽኮረመሙ?»

«ፈረንጅ በትንሽ ነገር ይስቃል።»

ይህንንም አመንኩ። ቀጥሎ ሥዕሉ ዘለለ። ገበታ ላይ የነበረው ሰውዬ ድንገት ጣራ ላይ በውስጥ ሱሪ ቆሟል።

«ሱሪውስ?»

«ውሻው ቀደደው።»

«መቼ?»

«እዚህ ጋ ፋይሉ ተበላሽቷል አያ፤ ትንሽ ይዘላል።»

ምስኪን ውሻ አልኩ በሆዴ። ሬዲዮን ዋጠ፣ ሱሪ ቀደደ፤ የቤቱ ጥፋት ሁሉ በእሱ ተላከከ።

ሲያልቅ ፊቱን አይቼ ጠየቅሁት፤ «ሌላ ነገር የለውም? ለሴት ልጅ የማይሆን፣ ለወንድ ልጅ የማይሆን?»

«የለውም። አይተውታል እኮ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቁኝ። «አየሁት» አልኳቸው። «የሚወድቅና የሚነሣ ሰው ነው። ደም የለበትም፣ ብልግና የለበትም። እኔ አሮጌው ስቄበታለሁ።»

«ሴት አለችበት?» አለች ጎረቤቴ።

«አለች።»

«ምን ታደርጋለች?»

«ስለ ሽሮ ታወራለች።»

ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ግን አልለቀቀችኝም። «ዋስ ይሆናሉ?»

የንስሐ አባታችን ጣልቃ ገቡ። «ለፊልም ዋስ? ይህስ በሕግም በቀኖናም አልሰማሁ።»

«ለበሬ ዋስ ሆኛለሁ አባ» አልኩ። «በሬ ሳይታሰብ ይዋጋል። ፊልም ግን ትናንት ያደረገውን ነው ነገም የሚያደርግ። ዋስ ነኝ።»

ያን ጊዜ ትልቅ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ መጡ። ትንሿ አሥራ አራት ይሆናታል፤ ትልልቆቹ አሥራ ሰባት። እኔ ጋ የምትኖር የልጄ ልጅም አብራ ገባች፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሴቶቹ በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በሌላ በኩል ተቀመጡ። እኔ ከደጅ የድንጋይ መደቡ ላይ ጋቢዬን ደርቤ ቁጭ አልኩ። ዋስ ነኝ፤ ዋስ ደግሞ ዋስ ከሆነለት ነገር አይርቅም።

ፊልሙን አውቀዋለሁና በድምፁ እከተለው ነበር። ሰውዬው ግድግዳውን ሲገፋ ልጆቹ ሳቁ። ውሻው ዳቦውን ሲውጥ ሳቁ። ከውሻው ሆድ ድምፅ ሲወጣ ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ እኔም ከውጭ አብሬ ሳቅሁ። አንድ መንገደኛ «ምን ነካቸው አያ?» ሲለኝ «ሰላይ ለውሻ ይገዛል» አልኩት፤ ራሱን እየነቀነቀ ሄደ።

ቀጥሎ የማንኪያው ድምፅ መጣ። ገበታው ነው። እዚህ ጋ ልጆቹ ጸጥ ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ የጨው ነገር ማንን ያስቃል? ወንዶቹ በአንድ ጊዜ ጮኹ። ሳቁ የቅድሙ ሳቅ አይደለም። ያን ሳቅ የማያውቅ ወንድ የለም፤ እርስ በርስ በክርን የሚጓሸሙበት ሳቅ ነው። ጆሮዬን ወደ በሩ አስጠጋሁ፤ ከሴቶቹ በኩል አንድም ድምፅ አልሰማም። ወንዶች ብቻ ሲስቁ፣ ሴቶች ዝም ሲሉ፣ ስለ ምን እንደሚወራ ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግም።

በሩን ገፍቼ ገባሁ። ተበላሽቷል የተባለው ቦታ አልተበላሸም። ያየሁትን እዚህ አልጽፍም፤ የሰውዬውን ሱሪ ግን ውሻ አልቀደደውም። ፊት ለፊት ሄጄ ብርሃኑ ውስጥ ቆምኩ። ሥዕሉ ከአንሶላው ላይ ወደ ጋቢዬ ተሻገረ፤ ያ ሁሉ ነገር በእኔ ደረት ላይ መታየት ጀመረ። ወንዶቹ እንደገና ሳቁ።

«አጥፋው!» አልኩት።

«አያ፣ ሊያልቅ ነው…»

«አጥፋው ብዬሃለሁ!»

አጠፋው። ልጆቹ አንገታቸውን ደፍተው በአጠገቤ አልፈው ወጡ።

ከልጄ ልጅ ጋር ሽቅብ ወደ ቤት ስንሄድ ጠየቅኋት።

«እንግሊዝኛ ትሰሚያለሽ አይደል?»

«ጥቂት ጥቂት እሰማለሁ አባባ።»

«ያቺ ሴት ገበታ ላይ ምን ነበር ያለችው?»

«አልናገርም።»

«ስለ ሽሮ አይደለም?»

ቆመች። «ስለ ምን?»

«ስለ ሽሮ። ጨው በዝቶበታል…»

«ሽሮ የሚባል ነገር የለም አባባ። ማን ነው ሽሮ ያለዎት?»

ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔኮ እርስዎ ያንን አይተው፣ ስቀውበት፣ ግቡና እዩ ያሉን መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «እዚያ ወንዶቹ ሲጮኹ እኔ ስለ ፊልሙ አላሰብኩም። ቤት ሄጄ አባባን እንዴት ነው ቀና ብዬ የማያቸው እያልኩ ነበር።»

ይህን ስትለኝ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ሌላውን ሁሉ ይቅር ማለት እችል ይሆናል። ያቺ ልጅ ግን በገዛ አያቷ አፍራ፣ በጨለማ ወንበር ላይ፣ እኔ በመታሁት ወንበር ላይ፣ ያን ያህል ጊዜ ተቀምጣለች።

በማግስቱ ጠዋት የወንድሜን ልጅ ፊልም ቤቱን ሲጠርግ አገኘሁት። መጥረጊያውን አልጣለም፤ እየጠረገ ነው ያናገረኝ።

«ምን በደልኩህ?» አልኩት።

«ምንም አልበደሉኝም አያ። ተርጓሚ እኮ ነኝ። ሰው ቢሰማው ደስ የሚለውን ነው የምነግር። ነአኩቶ ለአብ ገዳም ያሉት መነኩሴ ቁምጣ የለበሰውን ፈረንጅ ‘ይህ ሽመላ ቅልጥሙን ይሸፍን’ ሲሉት፣ እኔ ‘ዋሻው ይቀዘቅዛልና ነጠላ ይደርቡ ብለው አዘኑልዎ’ አልኩት። ፈረንጁ እጅ ነሣ። ይህን ስነግርዎ ስቀው የለ?»

«ስቄአለሁ። ያ ግን ለእንግዳ ነው፤ ነገ ወደ አገሩ ይሄዳል። እኔ እዚሁ ነኝ። አንተ በነገርከኝ ቃል ደጀ ሰላም ላይ ቆሜ ዋስ ሆኛለሁ።»

«ለሁለት ደቂቃ ብልግና ብለው ሙሉውን ይከለክሉኝ ነበር።»

«እንጃ! ብትነግረኝ ምን እንደምል በምን አወቅህ? ለትልልቆቹ ይሁን፣ ትንንሾቹ ይቅሩ እል ይሆናል። ያቺን ቦታ ዝለላት እል ይሆናል። ለእኔ ስትል ዘለሃት የለ? ለልጆቹ መዝለል ለምን አቃተህ?»

ይህን ጊዜ መጥረጊያው ቆመ። «ያቺን ቦታ ሊያዩ ነዋ የመጡት» አለ ቀስ ብሎ። «ወንዶቹ ሰምተዋል። ከስልካቸው ይህ ይሻላል አያ፤ ስልካቸው ላይ ያለውን ቢያዩ ይህን ስብከት ይሉት ነበር።»

ውሸቱን አይደለም፣ ስልኩ የባሰ ይኖርበታል። ግን ስልኩን የሚያይ ልጅ ተደብቆ ነው የሚያይ፤ ጥፋት መሆኑን ያውቀዋል። እኔ ዋስ የሆንኩለትን ግን ሽማግሌ የመረቀው ነው ብሎ ነው የሚያይ። እኔ መልአክ አልነበርኩም። በእነሱ ዕድሜ በሬ እየጠመድኩ ጓደኞቼ የሚያወሩትን ሁሉ አውርቻለሁ። ከአያቴ ፊት ግን አላወራሁትም፤ አያቴም ሂድና ስማ ብለው አልላኩኝም። ይህን ሁሉ ልነግረው ፈልጌ ቃሉ አልመጣልኝም። «በየቤቱ ዞሬ ተታልያለሁ ልላቸው ነው» አልኩት ብቻ።

ፊቱ ተለወጠ። «ይዘጉብኛል እኮ!»

«አንተ ያልከውን እነግራለሁ፤ እኔ ያየሁትን እነግራለሁ። ከዚያ ወዲያ እነሱ ያውቃሉ።»

ወጣሁ። መጀመሪያ ከብቶቼን ውሃ አጠጣሁ፤ ቸኩዬ አላውቅም። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ ቤት ስደርስ ግን እሱ ቀድሞኛል። ይህን ያወቅሁት በአቀባበሏ ነው። ያቺ ምላሰ ምላጭ ሴት እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ፤ እንደ ሕመምተኛ።

«ደክሞዎታል አያ።»

«አልደከመኝም። የፊልሙን ነገር ልነግርሽ…»

«ነግሮኛል። ምንም አይደል። የእኔም አባት በመጨረሻ እንዲያው ነበሩ፤ ቁጭ ባሉበት ነው እንቅልፍ የሚጥላቸው።»

«ማን ነው የተኛው?»

«እርስዎ ነዎ! ልጁ ሁሉን ተርጉሞልዎት፣ መካከሉ ላይ አንቀላፍተው፣ መቀስቀስ ነውር ሆኖበት…»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ብትጮህብኝ እጮህ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቃሉን እየቆራረጠች፣ ለሕፃን እንደሚነገር ነው የነገረችኝ። አልተኛሁም ስላት «እሺ አያ፣ እሺ» አለችኝ። ሌሎቹም ቤት እንዲሁ ሆነ። ባለጌ ነህ፣ አታለልከን ያለኝ አንድ ሰው የለም፤ ሁሉም አዘኑልኝ። በዚያው ሳምንት ሁለት ወንድማማቾች በድንበር ተጣልተው ሽማግሌ ሲሰበሰብ እኔን አልጠሩኝም። መሬቱን ሲከፍሉ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ድንጋዩን የተከልኩት እኔ ነኝ። በእነሱ ቤት ግን እኔ ቁጭ ባለበት የሚያንቀላፋ ሽማግሌ ነኝ። የተኛ ሰው ምን አይቶ ይመሰክራል?

የሚቀጥለው ማኅበር የንስሐ አባታችን ቤት ነበር። የወንድሜ ልጅም መጣ፤ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ጸሎቱ አብቅቶ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ተነሣሁ።

«ተኝቷል ብላችኋል። የተኛ ሰው ያየውን ልንገራችሁ» አልኩ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። መነጽሩን፣ ግድግዳውን፣ ዳቦውን፣ ውሻውን። ሰላዩ ውሻው አጠገብ እንዴት እንደተኛ በእጄ አሳየሁ። ሳያስቡት መሳቅ ጀመሩ፤ የንስሐ አባታችን እንኳ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ገበታው ላይ ስደርስ ልጁ እንዳለኝ አድርጌ፣ ቃል በቃል፣ የጨውን ነገር፣ የእናቱን ሙያ ተናገርኩ። የሱሪውንም ነገር ተናገርኩ። ከዚያ ወደ እሱ ዞርኩ።

«ይህን ማን ነገረኝ? ተኝቼ ነበር?»

ዓይኔን አየኝ። «ተኝተው ነበር አያ» አለኝ።

ያሳደግኩት ልጅ ነው። በልጅነቱ ሲዋሽ ጆሮው ይቀላ ነበር። አሁን ጆሮውም አልቀላም።

መጀመሪያ የተናገረችው ጎረቤቴ ናት። «ቆይ እስቲ። እኔ ልጆቼን ጠይቄአለሁ፤ ሽሮ የሚባል አላሉኝም። አያ ደግሞ ስለ ሽሮ የነገሩን ልጆቹ ፊልሙን ሳያዩ በፊት ነው፤ እሑድ ደጀ ሰላም ላይ፤ ሁላችን ስቀናል። የተኛ ሰው ሽሮውን ከየት አመጣው?»

«አልመው ይሆናል» አለ የወንድሜ ልጅ።

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። እውነት ለመናገር ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ ልጁ ድሮም ቀልድ ያውቃል። እኔ ግን እስከዚያች ቃል ድረስ ይመለሳል እያልኩ ነበር። እስከዚያች ቃል ድረስ አንድ ጊዜ «አጥፍቻለሁ አያ» ቢለኝ፣ ልጅ ነው ተዉት ብዬ ራሴው ልማልድለት ተዘጋጅቼ ነበር።

የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን አወጡ። «ና ልጄ። ሳመውና ተኝተው ነበር በል፤ ነገሩ በዚህ ይለቅ።»

ተነሣ። ሁለት እርምጃ ያህል ሄደ። መስቀሉ ፊት ሲደርስ ቆመ። ያን ሁሉ ሰው ሲያታልል ያልደፈረሰ ፊቱ አሁን ላበው። አልሳመም። ነጠላውን ከትከሻው ላይ አስተካክሎ፣ ማንንም ሳያይ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ።

ጎረቤቴ መጥታ ጉልበቴን ልትስም ጎነበሰች፤ ያዝኳት። «በእንቅልፍ ስላማሁዎ» አለችኝ።

«ደግሞ እንዳታዝኚልኝ እንጂ ሌላውስ ግድ የለም» አልኳት።

ሰው እምነቱን መለሰልኝ። ወንድማማቾቹ መጥተው የድንበሩን ድንጋይ አሳያቸው ዘንድ ለመኑኝ፤ ሄጄ አሳየኋቸው። ስለ ፊልሙም ማኅበሩ ሐሳቤን ጠየቀኝ። ውሻውንና ሬዲዮኑን ልጆች ሁሉ ቢያዩት ደስ ይለኛል፤ ያችኛዋ ቦታ ትቅር፤ ካልቀረች ግን እናትና አባት አውቀው ይከልክሉ ወይ አውቀው ይፍቀዱ፤ እኔ ከእንግዲህ ቋንቋውን ለማልሰማው ነገር ዋስ አልሆንም አልኩ። ቆርቆሮ ቤቱን ንጠቀው ያሉኝ ነበሩ። የሰጠሁትን አልነጥቅም አልኩ። ኳስ ያሳያል፤ በዚያ በኩል ሳልፍ ጩኸቱን እሰማለሁ፤ አልገባም።

ከፋሲካ በኋላ የወንድሜን ልጅ የንስሐ አባታችን ራሳቸው ይዘውት መጡ። ጉልበቴ ላይ ወድቆ አለቀሰ። እግዚአብሔር ይፍታህ ብዬ አነሣሁት። ሽማግሌ ሆኜ ስንቱን ሳስታርቅ ኖሬ እኔ አልታረቅም ማለት አይሆንልኝም። የንስሐ አባታችን መርቀውን ሄዱ። ሁለታችን ቀረን። የልጄ ልጅ ጠላ አቀረበችለትና ሳታናግረው ወጣች።

ቦርሳውን ከፍቶ ላፕቶፑን አወጣ። ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ፊልሙን ከመጀመሪያው ላሳይዎ አያ» አለኝ። «አሁን ምንም ሳልዘል። ያቺንም ቦታ፣ ያሉትን ሁሉ፣ ቃል በቃል ልተርጉምልዎ። ነውሩም ይሁን። ከዚህ በኋላ አንዲት ቃል አልደብቅዎም።»

ከልቡ ይመስለኛል። ድምፁ ከልቡ ነበር።

«በምን አውቃለሁ?» አልኩት።

ጠበቅሁት። እኔም መልሱን ብሰማው ደስ ባለኝ ነበር። ላፕቶፑን ሳይከፍተው መልሶ ቦርሳው ውስጥ ከተተው፤ ጠላውን ጨረሰ፤ ደህና ይዋሉ ብሎ ሄደ።